የጫማ ሰፊው ልጅ ዶክቶር ሌኦ ቤክላንድ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ ለመጽሔቱ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ስለ ማን እንደምንጽፍ ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን ገሚሱ የጦር ጀግና፣ ገሚሱም የታወቀ ደራሲ መረጠ። ነገሩ የተቆረጠው ግን በክፍላችን ውስጥ ሳይሆን በመርካቶ ገበያ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከኬሚስትሪ አስተማሪያችን ጋራ ሆነን ወደ ምናለሽ ተራ ወረድን። አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ ይህ ሥፍራ ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው አሮጌ ዕቃ የሚራገፍበት፣ ሌላው ሰው አለቀለት ብሎ የጣለው ነገር እንደ ገና ነፍስ የሚዘራበት ነው። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፤ ጎማው ጫማ ይሆናል፤ ቆርቆሮው ፋኖስ ይሆናል። በዚያም አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ተቀምጠው አሮጌ ማንቆርቆሪያና መጥበሻ በመዶሻ ሲለያዩ አገኘናቸው። አሉሚኒየሙን በአንድ ወገን ይከምራሉ፤ ጥቁሩን እጀታ ግን ወደ ኋላቸው ይወረውሩታል። ስለ ምን እንደሚጥሉት ብንጠይቃቸው፣ አሉሚኒየም ቀልጦ እንደ ገና ድስት እንደሚሆን፣ ያ ጥቁር ነገር ግን እሳት ውስጥ ቢገባ ይከስላል እንጂ ከቶ እንደማይቀልጥ አስረዱን። አስተማሪያችንም ወደ እኛ ዞረው የማይቀልጠው ነገር ምን እንደ ሆነ በጠየቁን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። በየቤታችን ዕለት ዕለት የምንጨብጠውን ነገር ሳናውቀው መኖራችን አሳፈረን። የዚህ ጽሑፍ ምክንያቱ ይህ ነው።

ጥቁሩ ነገር ባኬላይት ይባላል። ሰው ከተፈጥሮ ሙጫ ሳይዋስ ፈጽሞ በራሱ ጥበብ ካዘጋጃቸው ሙጫዎች የመጀመሪያው ሲሆን፣ የሠራውም ዶክቶር ሌኦ ቤክላንድ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዓመቶቹን የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ግን ዓ.ም. ብለን ለይተነዋል።

ልደቱና ትምህርቱ

ሌኦ ቤክላንድ በኖቬምበር 14 ቀን 1863 በቤልጅግ አገር በጌንት ከተማ ተወለደ። ይህም በእኛ 1856 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ በአገራችን ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው፣ በጋፋት መድፍ ለማሠራት ከጠቢባን ጋራ የሚደክሙበት ዘመን ነበር። በዚያው በ1863 ደግሞ ሁለት ሌሎች ሕፃናት ተወልደዋል፤ አንዱ በፈረንሳይ አገር ፖል ኤሩ፣ ሁለተኛው በአሜሪካ ቻርልስ ሆል ነው። እነዚህ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ በ1886 አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ ኃይል በርካሽ ዋጋ የማውጣትን ዘዴ አገኙ። እንግዲህ የማንቆርቆሪያው ገላና የማንቆርቆሪያው እጀታ አባቶች የአንድ ዓመት ልጆች ነበሩ ማለት ነው።

የሌኦ አባት ጫማ ሰፊ ነበር፤ እናቱም በሰው ቤት አገልጋይ ነበረች። ልጁ 13 ዓመት ሲሞላው አባቱ ከትምህርት ቤት አውጥቶ ሙያውን ሊያስተምረው ፈለገ። ይህም ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ ድኻ ቤት አንድ ተጨማሪ እጅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከእኛ መካከል የሚያውቅ ብዙ ነው። እናቱ ግን አሻፈረኝ አለች። የሌላ ሰው ቤት ስታጸዳ የኖረችው ያች ሴት፣ ልጅዋ ከመጽሐፍ እንዳይለይ አጥብቃ ተከራከረች፤ ክርክሩንም ረታች።

ሌኦ ቀን ቀን ከሚማረው ሌላ በከተማው የማታ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቶ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና የመካኒክ ትምህርት ተማረ። በፈተናም ስለ በለጠ፣ በ1880 የጌንት ከተማ ማዘጋጃ ቤት ወጪውን ችሎ ወደ ከተማው ዩኒቨርሲቲ አስገባው። በ21 ዓመቱም በታላቅ ማዕረግ የዶክቶርነትን ዲፕሎማ ተቀበለ። ከዚያም አስተማሪ ሆኖ በብሩዥና በጌንት ከተማ አገለገለ። በ1889 የመምህሩን የፕሮፌሶር ቴዎዶር ስዋርትስን ልጅ ሴሊንን አግብቶ፣ ለጉብኝት በተሰጠው ገንዘብ ከባለቤቱ ጋራ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የሄደው ለጊዜው ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ቀረ።

መከራና ሀብት

በኒው ዮርክ መጀመሪያ የተቀጠረው የፎቶግራፍ ዕቃ በሚሠራ ድርጅት ነበር። ቤክላንድ ከተማሪነቱ ጀምሮ ፎቶግራፍ ይወድ ነበርና ሥራው ተስማማው። ሆኖም ለራሱ ለመሥራት አስቦ ቅጥሩን ተወ። በዚያን ጊዜ አንዱን ሳይፈጽም ሌላውን፣ ሌላውን ሳይፈጽም ሦስተኛውን ይጀምር ስለ ነበር፣ ሁሉም እጅ በእጅ ተበላሸ፤ ገንዘቡም አለቀ። በዚህ ላይ በጠና ታመመ። በአልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ ነገሩን ሁሉ መረመረ፤ የተበታተነ ድካም ፍሬ እንደማይሰጥ ተረዳ። ሲድንም አንዱን ብቻ መርጦ እስከ መጨረሻው ለመከተል ቆረጠ።

የመረጠው ቬሎክስ ብሎ የሰየመውን የፎቶግራፍ ወረቀት ነው። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ የሚታተመው ብዙውን ጊዜ በፀሐይ ብርሃን ስለ ነበር፣ ሰማዩ ሲደምን ሥራው ይቆም ነበር። ቬሎክስ ግን ማታ በመብራት ይታተማል። ቤክላንድ በ1893 ከአንድ ባልንጀራው ጋራ ዮንከርስ በተባለ ሥፍራ ፋብሪካ አቋቋመ። ዓመቱ በአሜሪካ የገንዘብ ችግር የበዛበት ስለ ነበር መጀመሪያ የሚገዛ ታጣ፤ የፎቶግራፍ አንሺዎችም የለመዱትን መተው አልወደዱም። እርሱ ግን አልተበታተነም። በ1899 የኮዳክ ባለቤት ጆርጅ ኢስትማን ድርጅቱን በ750,000 ዶላር ገዛው።

የጫማ ሰፊው ልጅ በ35 ዓመቱ ባለጸጋ ሆነ። በውሉ መሠረት ለ20 ዓመት ያህል በፎቶግራፍ ሥራ ውድድር እንዳይገባ ስለ ታሰረ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አርፎ ይቀመጥ ነበር። ቤክላንድ ግን የኤሌክትሪክ ኬሚስትሪ ዕውቀቱ እንዳረጀበት ስለ ተሰማው፣ ባለጸጋነቱን ረስቶ በ1900 ወደ በርሊን ሄደና እንደ ገና ተማሪ ሆነ። ከዚያም ተመልሶ በዮንከርስ ቤቱ ግቢ ውስጥ የነበረውን ጋጣ ወደ ላቦራቶሪ ለወጠው።

ባኬላይት እንዴት እንደ ተገኘ

በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሥራ በፍጥነት ይስፋፋ ነበር፤ ስለዚህ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ መሸፈኛ እጅግ ተፈላጊ ሆነ። ለዚህ ሥራ የሚውለው አናጢዎቻችን ጎመላካ የሚሉት ሙጫ ነበር። ጎመላካ በህንድ አገር በዛፍ ላይ ከሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚገኝ ነው። ነፍሳቱ የፋብሪካን ጥድፊያ ስለማያውቁ፣ የሚያስፈልገው ሲበዛ ዋጋው ወደ ሰማይ ወጣ። እኛ የመተማን ዕጣን የምናውቅ ሕዝብ እንደ መሆናችን ነገሩ አያስቸግረንም፤ ሙጫ ዛፉና ጊዜው ሲፈቅዱ እንጂ በትእዛዝ አይወርድም። ቤክላንድ ለጎመላካ ምትክ ለማግኘት ተነሣ።

መንገዱ አዲስ አልነበረም። በ1872 አዶልፍ ፎን ባየር የተባለው ታላቅ የጀርመን ሊቅ ሁለት ነገሮችን ቀላቅሎ ነበር። አንደኛው ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣው ፌኖል ነው፤ ሁለተኛው ፎርማልዴሃይድ ነው፤ ይኸውም በውሃ ተበጥብጦ በባዮሎጂ ክፍላችን እንሽላሊቱን ከመበስበስ የሚጠብቀው ፎርማሊን የሚባለው ነው። ድብልቁ በዕቃው ላይ ተጣብቆ አልለቅ የሚል ሙጫ ሆነ። ባየር ንጹሕ የማቅለሚያ ቀለም ይፈልግ ስለ ነበር፣ ያን አስቸጋሪ ዝቃጭ ተወው። ከእርሱ በኋላ የመጡ ኬሚስቶችም ብርጭቆአቸውን ስላበላሸባቸው ተማረሩበት።

ቤክላንድም መጀመሪያ የደከመው ይህን ግትር ነገር የሚያሟሟ ፈሳሽ ለማግኘት ነበር። ኖቮላክ ብሎ የሰየመው የሚሟሟ ሙጫ ቢያገኝም ጎመላካን ለመተካት አልበቃም። በመጨረሻ ጥያቄውን ገለበጠው። ይህ ነገር አልሟሟም፣ አልቀልጥም፣ አሲድም አልፈራም ካለ፣ ስለ ምን እንታገለዋለን? ጉድለት ያልነው ጠባዩ ራሱ የምንፈልገው ጠባይ ቢሆንስ? አስቀድሞ በቅርጽ ውስጥ ካፈሰሱት በኋላ እንዲጠነክር ቢያደርጉት፣ ዘለዓለም የማይለወጥ ዕቃ ይሆናል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ችግር ቀረ። ድብልቁ ሲሞቅ እንፋሎት ስለሚወጣው፣ እንደ እንጀራ ዓይን እያወጣ ይቦረቦር ነበር። ለእንጀራ ዓይን ማማር ነው፤ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ግን ብልሽት ነው። ሌሎች ኬሚስቶች ዓይን እንዳያወጣ ብለው ሙቀቱን ይቀንሱ ነበር። ቤክላንድ ግን በተቃራኒው ሙቀቱን ከ100 ዲግሪ እጅግ በላይ ከፍ አድርጎ፣ በወፍራም የብረት ጋን ውስጥ በብርቱ ግፊት አፈነው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ፣ ሙጫው ጥቅጥቅ ብሎ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ይህ በ1907 በሰኔ ወር ሆነ፤ በጁላይ 13 ቀን የፈጠራ መብቱን ለማስከበር አመለከተ። በእንግሊዝ አገር ጄምስ ስዊንበርን የተባለ መሐንዲስ በዚያው መንገድ ሲደክም ኖሮ፣ ለማመልከት በሄደ ጊዜ በአንድ ቀን እንደ ተቀደመ ተረዳ። በ1909 ፌብሩዋሪ 5 ቀን ቤክላንድ ሥራውን በኒው ዮርክ ለኬሚስቶች ማኅበር ገለጠ፤ በ1910 ፋብሪካው ተቋቋመ።

የማይቀልጥበት ምክንያት

አስተማሪያችን ምክንያቱን በሻማና በሸክላ አስረዱን። ሻማ ቢቀልጥ፣ ቢረጋ፣ እንደ ገና ቢቀልጥ ያው ሻማ ነው። የውሃ ጠርሙስና የፕላስቲክ ከረጢትም በዚህ ወገን ናቸው፤ ጥቃቅን ቅንጣቶቻቸው ረዣዥም ክር ሆነው ጎን ለጎን የተኙ ስለ ሆኑ ሲሞቁ ይንሸራተታሉ። ሸክላ ግን ጭቃ ሳለች በውሃ ትፈታለች፤ አንድ ጊዜ ከተተኮሰች በኋላ ወደ ጭቃነት አትመለስም። ባኬላይት የሸክላ ወገን ነው። ሲጋገር ክሮቹ በየአቅጣጫው ተቋጥረው እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ መረቡን እሳት ያከስለዋል እንጂ ቋጠሮውን አይፈታውም።

ሙጫው በኢንዱስትሪ ላይ የሰጠው ጥቅም

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ባኬላይት ያልገባበት ሥራ ጠፋ። የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሶኬት፣ የራዲዮ ሣጥን፣ የመኪና ዲስትሪቢውተር ክዳን፣ በአባቶቻችን ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ከባድ ጥቁር ስልክ፣ ሁሉም ከእርሱ ተሠሩ። ብዙውን ጊዜ ሙጫው ብቻውን አይጋገርም፤ እንዳይሰበር የእንጨት ዱቄት ይጨመርበታል።

ከዚህም በላይ ዓይን የማያየው ሥራው ይበልጣል። ኮምፔንሳቶ የሚባለው እንጨት ስስ ሽፋኖቹ የሚጣበቁት በዚሁ ወገን በሆኑ ሰው ሠራሽ ሙጫዎች ነው። ችፑድም እንዲሁ ነው። በሙጫ የተነከረ ወረቀት ተደራርቦ ሲታተም ፎርማይካ ይሆናል። የፍሬን ሸራና የፍሪሲዮን ሸራ ሙቀቱን ችለው የሚኖሩት፣ የብረት መቁረጫው ዲስክም እየተሽከረከረ የማይበተነው በፌኖል ሙጫ ስለ ተያያዙ ነው። በብረት ማቅለጫ ፋብሪካ የቅርጹ አሸዋ በዚሁ ሙጫ ይያያዛል። እንግዲህ በመርካቶ ከጎማ ተራ እስከ አውቶቡስ ተራ የሚመላለስ ሰው፣ ስሙን ሳያውቅ በቤክላንድ ሥራ መካከል ያልፋል።

እዚህ ላይ ስለ አሉሚኒየሙም ጥቂት እንጨምር፤ ሽማግሌው ሠራተኛ ሁለቱን ለይተው እንዳሳዩን፣ ጠባያቸው እጅግ የተለያየ ነውና። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ነገር ግን አየር እንደ ነካው ወዲያው ስስ ቆዳ ያለብሳል፤ ቆዳው ደግሞ የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ለመበየድ የሚሞክር ሰው፣ ብረቱ ከውስጥ ቀልጦ ሳለ ቆዳው አላጣብቅ ይለዋል። መድኃኒቱ በሚበየደው ሥፍራ ላይ የሚነሰነስ ጨው መሰል ዱቄት ነው። በውስጡ የክሎሪንና የፍሎሪን ጨዎች አሉበት፤ እነርሱም ቀድመው ቀልጠው ቆዳውን ያነሡታል፤ የብየዳው ብረትም በንጹሑ ገላ ላይ ይሰርጋል። ሆልና ኤሩ አሉሚኒየምን ከአፈሩ ለማውጣት የተጠቀሙበት ክርዮላይት የተባለው ድንጋይም የፍሎሪን ጨው ነው። ከብየዳው በኋላ ዱቄቱ በውሃ ካልታጠበ ብዙውን ጊዜ ብረቱን ይበላዋል፤ ጢሱም ሳንባን ስለሚጎዳ ሥራው ነፋስ በሚገባበት ሥፍራ ሊሠራ ይገባል።

የመጨረሻ ዘመኑ

ቤክላንድ ለመብቱ በፍርድ ቤት ብዙ ተከራከረ። በ1922 ግን ከተሸነፉት ተወዳዳሪዎቹ ጋራ ታርቆ ሦስቱን ድርጅቶች አንድ አደረገ። በ1924 የአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። ሀብቱ ሲበዛ ኑሮው እየቀለለ ሄደ፤ በጀልባ መጓዝ ይወድ ነበር፤ ምግቡን ከቆርቆሮ እየከፈተ መብላትና ነጭ የሸራ ጫማ ማድረግ ይመርጥ ነበር። በ1939 ድርጅቱ ዩኒየን ካርባይድ ለተባለው ኩባንያ ተሸጠ። በዕድሜው መጨረሻ ከሰው እየራቀ ሄዶ፣ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1944፣ ማለት በ1936 ዓ.ም.፣ በ80 ዓመቱ በኒው ዮርክ ግዛት አረፈ።

ለእኛ የተረፈው

የታላቅ ሰው ታሪክ ስንጽፍ ውዳሴ ብቻ እንዳንጽፍ አስተማሪያችን አስጠንቅቀውናል። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር እንደሚያመጣ ዛሬ ተረጋግጧል። በአሮጌ ባኬላይትና በአሮጌ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የተባለው አደገኛ ጭረት ይገኝ ነበር። ስለዚህ እነዚህን መፈልፈል፣ መሰባበርና ማቃጠል ጤናን ይጎዳል። ከሁሉም በላይ፣ አይቀልጥም ተብሎ የተመሰገነው ጠባዩ ዛሬ ዕዳ ሆኗል፤ ለሺህ ነገር የሚበልጥ ብልሃት ያለው ምናለሽ ተራ እንኳ ሊያድሰው አልቻለም። ይህን ቋጠሮ የሚፈታ ኬሚስት ገና ይፈለጋል።

አሁን ስለ ራሳችን አንድ ነገር እንናገር። ከምናለሽ ተራ ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ ዝም ብሎ ነበር። ትምህርት ቤት በተመዘገበ ጊዜ የአባቱን ሥራ ነጋዴ ብሎ ማስጻፉን፣ አባቱ ግን ከዚያው ገበያ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ መሆናቸውን በኋላ ነገረን። ማናችንም አልሳቅንም፤ ከእኛም ሌላ የደበቀ ነበረና። በአገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን መናቅ ረዥም ዕድሜ ያለው በሽታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤክላንድ መብቱን ለማስከበር ያመለከተው በ1899 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር። የጫማ ሰፊው ልጅ በአሜሪካ ዓለምን የሚለውጥ ሙጫ ባገኘ ማግሥት፣ በእኛ አገር ንጉሠ ነገሥቱ ጫማ ሰፊው እንዳይሰደብ ማወጅ አስፈልጓቸው ነበር ማለት ነው።

ቤክላንድ የላቀው የአባቱን ሙያ ስለ ናቀ አይደለም፤ እናቱ መጽሐፍ ስለ ጨመረችለት፣ የማታ ትምህርት ቤትም በሩን ስለ ከፈተለት ነው። ሌሎች አበላሸብን ብለው የጣሉትን ዝቃጭ እርሱ አንሥቶ መረመረ። በመርካቶ ይህን ዕለት ዕለት የሚያደርጉ እናቶችና አባቶች አሉን፤ የጎደላቸው ኬሚስትሪው ነው፤ ኬሚስትሪው ደግሞ እዚህ በእኛ ክፍል ውስጥ ይሰጣል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ከእኛ መካከል እንዲወጣ እንመኛለን።

ያ ባልንጀራችን በተከታዩ ሰኞ ወደ ጽሕፈት ቤት ሄዶ መዝገቡን አስተካክሏል።